የማያምመው እብጠት፦ ስለ ጡት ካንሰር በለቅሶ ቤት የሰማናቸው ወሬዎችና እውነታው



ዛሬ የምናነሳው ጉዳይ ብዙዎቻችን ድምፃችንን ዝቅ አድርገን የምናወራው ነው። ስለ ጡት ካንሰር ነው። ወንድሞች «ይሄ የሴቶች ወሬ ነው» ብላችሁ እንዳታልፉት። እናት አላችሁ፣ እህት አላችሁ፣ ሚስት አለቻችሁ ወይም ነገ ኢንሻአላህ ትኖራችኋለች። እህቶችም «እኔ ገና ልጅ ነኝ» ብላችሁ እንዳትዘሉት። ጽሑፉ ረዘም ይላል። ቢሆንም አንድ ቤት ውስጥ አንዲትን እናት በጊዜ ሐኪም ዘንድ ካደረሰ ለኛ ትልቅ ነገር ነው።

ለመጻፍ ያነሳሳን የአክስታችን ነገር ነው። ኮምቦልቻ ነበር የምትኖረው። የአራት ልጆች እናት፣ ከሱብሒ እስከ ዒሻ እጇ ሥራ የማይፈታ ሴት ነበረች። አንድ ቀን ገላዋን ስትታጠብ ግራ ጡቷ ላይ ሽምብራ የምታክል ጠጣር ነገር ዳሰሰች። አላመማትም። ስላላመማትም ለማንም አልተናገረችም። ወራት አለፉ፤ ሽምብራው ሎሚ አከለ። ከአንድ ዓመት በላይ ቆይታ የጡቷ ቆዳ ወደ ውስጥ ሲሰረጎድና ብብቷ ስር ሌላ እብጠት ሲወጣ ነው ለትልቋ ልጇ የነገረቻት። ልጅቷ በዚያው ምሽት አዲስ አበባ ላለነው ለእህትና ወንድም ልጆች ደወለች። ምርመራው ሲያልቅ ካንሰሩ አጥንቷ ላይ ደርሶ ተገኘ። ከዚያ በኋላ አስራ አራት ወር በየተራ እየያዝናት ሆስፒታል ተመላለስን። በመጨረሻም ወደ አኺራ ሄደች። አላህ ይዘንላት፣ ቀብሯን ኑር ያድርግላት።

አጀሏ ደርሶ ነው የሞተችው፤ በዚህ ማንም ሙስሊም አይከራከርም። ነገር ግን ሰበብ ማድረስም ታዘናል። የራበው ሰው «ሪዝቄ የተጻፈ ነው» ብሎ እጁን አጣጥፎ አይቀመጥም። በሽታም እንደዚያው ነው።

ለተዕዚያ በተቀመጥንባቸው ቀናት ስለ በሽታዋ ብዙ ሲወራ ሰማን። ተናጋሪዎቹ ደጋግ ሰዎች ናቸው፤ ሊያጽናኑን ነበር የመጡት። ግን ከተናገሩት ውስጥ ብዙው ትክክል አልነበረም። ይባስ ብሎ አክስታችንን ያን ሁሉ ወር ዝም ያሰኟት እነዚያው ወሬዎች ነበሩ። በአስራ አራቱ ወራት ሐኪሞቹን እየጠየቅንና እያነበብን ያወቅነውን አሁን ከወሬዎቹ ጋር ጎን ለጎን እናስቀምጠው።

በመጀመሪያ በሽታው ምንድን ነው?

ሰውነታችን የተሠራው በዓይን ከማይታዩ ጥቃቅን ሴሎች ነው። ሴሎች በሥርዓት ይራባሉ፤ ሲያረጁ ይሞታሉ፤ አዳዲሶቹ ይተኳቸዋል። ካንሰር የሚባለው አንዳንድ ሴሎች ይህን ሥርዓት ጥሰው ያለ ልክ ሲራቡ ነው። የጡት ካንሰር አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው ወተት በሚያስተላልፉት ቀጫጭን ቱቦዎች ወይም ወተት በሚያመነጩት ዕጢዎች ውስጥ ነው። መጀመሪያ ላይ እዚያው ተወስኖ ይቆያል። ጊዜ ካገኘ ግን ብብት ስር ወዳሉት የሊምፍ ዕጢዎች፣ ከዚያም ወደ አጥንት፣ ወደ ሳንባ፣ ወደ ጉበትና ወደ አንጎል ይሄዳል። ሰው የሚሞተው ጡት ላይ ባለው እብጠት ሳይሆን በዚህ ጉዞ ነው። ስለዚህ ነገሩ ሁሉ የጊዜ ጉዳይ ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በ2022 እ.ኤ.አ. በዓለም ላይ 2.3 ሚሊዮን ሴቶች የጡት ካንሰር ተገኝቶባቸዋል፤ 670 ሺህ ያህሉ ደግሞ በዚሁ በሽታ ሞተዋል። በአገራችንም በሴቶች ላይ ከሚታዩ የካንሰር ዓይነቶች ቀዳሚው ይህ ነው፤ ሲሶ ገደማውን ይይዛል።

አንድ ሌላ ቁጥር ደግሞ እንጨምር፤ እኛን በጣም ያስደነገጠን ይህ ነው። የኑሮ ደረጃቸው በጣም ከፍ ባለ አገሮች ከ12 ሴቶች አንዷ በሕይወት ዘመኗ በጡት ካንሰር ትያዛለች፤ የምትሞትበት ግን ከ71 አንዷ ናት። የኑሮ ደረጃቸው ዝቅተኛ በሆነ አገሮች የምትያዘው ከ27 አንዷ ብቻ ስትሆን የምትሞትበት ግን ከ48 አንዷ ናት። ማለትም እንደኛ ባሉ አገሮች በሽታው ያነሰ ሆኖ ሳለ ሞቱ ይበዛል። ለምን? ዘግይተን ስለምንሄድ፣ ሄደንም ሕክምናውን ቶሎ ስለማናገኝ ነው። በኢትዮጵያ አብዛኞቹ ታካሚዎች ሐኪም ዘንድ የሚደርሱት በሽታው ከተስፋፋ በኋላ ነው።

አሁን ወደ ወሬዎቹ እንግባ።

«ካላመመ ምንም አይደለም»

ከሁሉም ወሬ ብዙ ሰው የሚገድለው ይህ ነው። እኛ ሕመምን እንደ መልእክተኛ እንቆጥረዋለን፤ ሲያመን እንሄዳለን፣ ካላመመን እንቀመጣለን። የጡት ካንሰር ግን በጅማሬው አብዛኛውን ጊዜ አያምም። ጠጠር ያለ፣ ጠርዙ ያልተስተካከለ፣ ሲነኩት ብዙም የማይንቀሳቀስ እብጠት ሆኖ ይቀመጣል። በአንጻሩ ከወር አበባ በፊት የሚመጣው የሁለቱም ጡት ሕመም ብዙ ጊዜ የሆርሞን ለውጥ ነው እንጂ ካንሰር አይደለም።

ግን እዚህ ላይ የምሥራችም አለ። ጡት ላይ የሚዳሰስ እብጠት ሁሉ ካንሰር አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት ከአሥር እብጠቶች እስከ ዘጠኝ የሚሆኑት ካንሰር እንዳልሆኑ ይገልጻል። ፈሳሽ የቋጠረ ከረጢት ሊሆን ይችላል፤ በወጣት ሴቶች ላይ የሚበዛው ጉዳት የሌለው ዕጢም ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ብዙዋ ሴት ሄዳ ተመርምራ «አልሐምዱሊላህ» ብላ ነው የምትመለሰው። አንዱን ከዘጠኙ መለየት ግን የእጅም የግምትም ሥራ አይደለም፤ ምርመራ ይፈልጋል።

ከእብጠት ሌላ ልብ የሚባሉ ምልክቶችም አሉ፦ የአንድ ጡት መጠን ወይም ቅርጽ መለወጥ፤ ቆዳው መሰርጎድ ወይም እንደ ብርቱካን ልጣጭ መሆን፤ የጡት ጫፍ ወደ ውስጥ መግባት (ከልጅነት ጀምሮ እንደዚያ ካልነበረ)፤ ከጫፉ ደም ወይም ያልተለመደ ፈሳሽ መውጣት፤ ጫፉ ዙሪያ የማይድን ቁስል ወይም ሽፍታ፤ ብብት ስር እብጠት። ከነዚህ አንዱም ቢሆን ሐኪም ሊያየው ይገባል።

«ወተት ረግቶባት ነው፤ ምች መትቷት ነው»

አንዲት የምታጠባ እናት ጡቷ ላይ እብጠት ቢወጣ ማንም የሚላት ይህንን ነው። ብዙ ጊዜም እውነት ነው፤ ወተት ሊቋጠር፣ ጡት ሊመረቅዝ ይችላል። ይህ አብዛኛውን ጊዜ ይቀላል፣ ይሞቃል፣ ያተኩሳል፤ ሲታከምም በቀናት ውስጥ ይሻሻላል። ችግሩ እብጠቱ ሳምንታት አልፈው ሳይለቅ ሲቀርና «ስታስጥይ ይጠፋል» እየተባለ ሲጠበቅ ነው። ካንሰር በእርግዝናና በማጥባት ጊዜም ሊመጣ ይችላል። ጡት በዚያ ወቅት ስለሚከብድም ለመለየት ያስቸግራል። ታክሞ ያልለቀቀ እብጠት ሁሉ እንደገና መታየት አለበት።

በሌላ በኩል ማጥባት ራሱ እናትየዋን ይጠቅማል። ረዘም ላለ ጊዜ ያጠባች ሴት በጡት ካንሰር የመያዝ ዕድሏ በተወሰነ መጠን እንደሚቀንስ ጥናቶች አረጋግጠዋል። በዲናችን የማጥባት ሙሉ ጊዜ ሁለት ዓመት መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን። ሆኖም «አጥብቻለሁና አይነካኝም» አይባልም። አክስታችን አራቱንም አጥብታለች።

«ዓይን ነው፤ ሩቅያ ይበቃታል»

ዓይን እውነት ነው፣ ቁርኣንም ሺፋእ ነው፤ በዚህ ላይ ጥያቄ የለንም። አክስታችን ላይ እስከ መጨረሻዋ ቀን ቁርኣን ይቀራባት ነበር፤ ልቧ የሚያርፈው በዚያ ነበር። ጥፋቱ ያለው «ይበቃታል» በሚለው ቃል ላይ ነው። ያነጋገርናቸው ኡስታዞች ሁሉ የነገሩን አንድ ነገር ነው፦ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) እንድንታከም አስተምረዋል፤ መታከም ከተወኩል አይቃረንም፤ ሩቅያ ሐኪምን የሚከለክልበት አንድም ምክንያት የለም።

ማርና ጥቁር አዝሙድም እንደዚሁ ነው። ክብራቸውን እናውቃለን፤ በቤታችንም አይጠፉም። ነገር ግን እነሱን እየወሰዱ ሆስፒታል መሄድን ለወራት ማዘግየት ሌላ ነገር ነው። ከኬሞ ጋር አብሮ የሚወሰድ ማንኛውም ቅጠላ ቅጠል፣ ዘይት ወይም ዱቄት ካለ ደግሞ ለሐኪሙ በግልጽ መነገር አለበት። አንዳንዶቹ የመድኃኒቱን ሥራ ያዛባሉ፤ ጉበትንም ይጎዳሉ። እብጠቱ ላይ የሚለጠፍና የሚያቃጥል ነገር ማድረግ ደግሞ ቁስል ከመጨመር በቀር አንዳች ጥቅም የለውም።

«ቢላ ከነካው ይሰራጫል»

ይህን ወሬ ያልሰማ ቤተሰብ ያለ አይመስለንም። ሐኪሙ ናሙና ልውሰድ ሲል ስንቱ ታማሚውን ይዞ ወደ ቤቱ ይመለሳል! ናሙና መውሰድ (ባዮፕሲ) ማለት በመርፌ ከእብጠቱ ትንሽ ወስዶ በማይክሮስኮፕ ማየት ነው። ካንሰር መሆኑን በእርግጠኝነት የሚናገረው እሱ ብቻ ነው፤ ዓይነቱንም የሚለየው፣ የትኛው መድኃኒት እንደሚሠራ የሚያመለክተውም እሱ ነው። ናሙና ስለተወሰደ ካንሰር አይሰራጭም።

ታዲያ ወሬው ከየት መጣ? ከሚታይ ነገር ነው የመጣው። ሰዎች ዘግይተው ይሄዳሉ፤ በሽታው ቀድሞውኑ ተሰራጭቷል፤ ኦፕራሲዮን ይደረጋሉ፤ ከወራት በኋላ ይሞታሉ። ጎረቤት የሚያየው ቢላውንና ሞቱን ነው፤ በመካከል የጠፋውን ዓመት ማንም አላየውም። ቀጣዩዋ ሴት ቢላውን ፈርታ እሷም ትዘገያለች፤ ወሬው በራሱ እየተመገበ ይኖራል።

እዚህ ላይ አንድ የራሳችንን ሰው እናንሳ። ከአንድ ሺህ ዓመት በፊት በአንደሉስ፣ ቁርጡባ አካባቢ የኖረው ሙስሊም ሐኪም አቡል ቃሲም አል-ዘህራዊ «አት-ተስሪፍ» በተባለው ሰፊ የሕክምና መጽሐፉ ስለ ካንሰር ጽፏል። ሐሳቡ ባጭሩ ይህ ነው፦ ካንሰሩ እንደ ጡት ባለ ሙሉ በሙሉ ሊወጣ በሚችልበት ቦታ ላይ ካለ፣ በተለይም ገና ጅምርና ትንሽ ከሆነ ይወጣል፤ ከቆየና ከገዘፈ ግን እንዳትቀርቡት፤ እኔም አንድም አድኜ አላውቅም ይላል። ያን ጊዜ ማደንዘዣው እንደዛሬው አልነበረም፤ ኬሞም ጨረርም አልነበረም። ዛሬ የቆየውንም ማከም ተችሏል። ነገር ግን ያ ሐኪም በእጁ የደረሰበት እውነት እስካሁን አልተሻረም፤ ትንሽ ሳለ የተያዘና ሰንብቶ የተያዘ አንድ አይደሉም።

«በዘር ነው፤ በኛ ቤት የለም»

ተዕዚያው ላይ የአክስታችን ሴት ልጆች አንድ ጥያቄ ብቻ ነበራቸው፦ «ለኛም ይደርሰናል ማለት ነው?» መልሱ «የግድ አይደለም፤ ግን ቸል አይባልም» ነው። በቀጥታ በዘር ከሚተላለፍ የጂን ችግር ጋር የሚያያዘው ከጠቅላላው የጡት ካንሰር ከ5 እስከ 10 በመቶ የሚሆነው ብቻ ነው። ይህ የጂን ችግር ደግሞ ከእናት ብቻ ሳይሆን ከአባትም ይወረሳል፤ ስለዚህ የአባት እህቶችና እናትም ይቆጠራሉ። እናቷ፣ እህቷ ወይም ልጇ የታመመችባት ሴት፣ በተለይ ታማሚዋ በወጣትነቷ ከሆነ የተያዘችው፣ ለሐኪም ነግራ ከሌሎች ቀደም ብላ ክትትል መጀመር ይገባታል። የአክስታችን ልጆችም ይህንን እያደረጉ ነው።

ከዚህ የምንረዳው ሌላው ነገር አብዛኞቹ ታማሚዎች በቤተሰባቸው ማንም ያልታመመባቸው መሆኑን ነው። እንዲያውም ግማሽ ያህሉ ከሴትነትና ከ40 ዓመት በላይ ከመሆን በቀር የሚታወቅ ሌላ ምክንያት የላቸውም። «በኛ ቤት የለም» የሚለው መተማመኛ አይሆንም።

ዕድልን ከሚጨምሩት መካከል ዕድሜ፣ የወር አበባ በልጅነት መጀመርና ዘግይቶ መቆም፣ አለመውለድ ወይም የመጀመሪያ ልጅን ዘግይቶ መውለድ፣ ከማረጥ በኋላ የሚመጣ ውፍረት፣ አልኮልና ትምባሆ ይገኙበታል። ሺሻም ትምባሆ ነው። ሰውነትን ማንቀሳቀስ ደግሞ ዕድሉን ይቀንሳል።

«የአሮጊት በሽታ ነው፤ ወንድን አይነካም»

ዕድሜ ሲጨምር ዕድሉም ይጨምራል፤ እውነት ነው። በኢትዮጵያ ግን ብዙዎቹ ታካሚዎች ከ50 ዓመት በታች ናቸው፤ በሠላሳዎቹ ዕድሜ ያሉም ጥቂት አይደሉም። በሆስፒታሉ ኮሪደር ልጅ ያዘሉ እናቶችን ስናይ ነው ይህ የገባን።

ወንድም ጡት አለው፤ ትንሽ ቢሆንም። ከጡት ካንሰር ታማሚዎች ከ0.5 እስከ 1 በመቶ የሚሆኑት ወንዶች ናቸው። ወንድሜ፣ ከጡትህ ጫፍ ስር ጠጣር ነገር ከዳሰስክ «የሴት በሽታ» ብለህ አፍረህ አትቀመጥ።

አነስ አነስ ያሉ ወሬዎች

ጡት መያዣ ካንሰር አያመጣም፤ ሽቦ ያለውም ቢሆን። ዲዮዶራንትና ጡት መያዣ ውስጥ የሚቀመጥ ሞባይል ካንሰር ማምጣታቸውን ያረጋገጠ ነገር የለም። ጡት ላይ መመታት ካንሰር አያመጣም፤ ብዙ ጊዜ ምቱ ቀድሞ የነበረውን እብጠት እንድናስተውለው ነው የሚያደርገን። ትንሽ ጡት ያላትም ሴት ልትያዝ ትችላለች። በመጨረሻም የጡት ካንሰር አይተላለፍም። በመጨባበጥ፣ በአንድ ሰሃን በመብላት፣ በአንድ አልጋ በመተኛት አይጋባም። ይህንን የምንለው አክስታችን ትጠጣበት የነበረውን ስኒ ለብቻ ያስቀመጡ ሰዎች ስላየን ነው። ከበሽታው ይልቅ ያ ስኒ ነበር ያስለቀሳት።

«ለወንድ ሐኪም ከመገለጥ ሞት ይሻላል»

ሐያእ ከኢማን ነው፤ እህቶቻችን በዚህ ሊከበሩ እንጂ ሊወቀሱ አይገባም። ቢሆንም ዲኑ ራሱ በዚህ ጉዳይ ላይ መንገድ አበጅቷል። ሴት ሐኪም ካለች እሷ ትቅደም። ከሌለች ወይም ለበሽታው የሚያስፈልገውን ሙያ የያዘው ወንድ ከሆነ፣ ዑለማዎች ለሕክምና አስፈላጊ በሆነው ልክ መገለጥን ፈቅደዋል፤ ማሕረም ወይም ሌላ ሴት አብራ ትሁን፣ የሚገለጠውም የሚፈለገው ቦታ ብቻ ይሁን። «ሴት ሐኪም ትኖራለች? ነርሷ አብራ ትቁም?» ብሎ መጠየቅም መብት ነው። ብዙ ቦታ ሲጠይቁ ይገኛል።

በነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ዘመን ሩፈይዳ አል-አስለሚያ የቆሰሉትን ታክም እንደነበር በሲራ ተምረናል። ትምህርት ቤት ያላችሁ እህቶች፣ ይህ ክፍተት የሚሞላው በእናንተ ነው። ነገ ነጭ ጋውን የለበሰች፣ የእናቶቻችንን ቋንቋና እፍረት የምታውቅ ሐኪም ያስፈልገናል።

ከሐያእ ጋር የሚምታታ ሌላ ፍርሃትም አለ፦ «ባሌ ይፈታኛል»፤ «ከታወቀ ልጄን ማን ያገባታል?» ይህ ሐያእ አይደለም፤ እኛ ወንዶቹ በወሬያችን የፈጠርነው ፍርሃት ነው። የምናስወግደውም እኛው ነን። ባሏ አጠገቧ የቆመላት ሴትና ብቻዋን የምትመላለስ ሴት በአንድ ክፍል ተኝተው አይተናል። ልዩነቱ ከመድኃኒቱ በፊት ፊታቸው ላይ ይነበብ ነበር።

«አንዴ ከያዘ አይለቅም»

የተሰራጨ ካንሰር ከባድ ነው፤ አንዋሽም። በጊዜ የተገኘ የጡት ካንሰር ግን ይድናል። የገቢ ደረጃቸው ከፍ ባለ አገሮች ከታካሚዎች ከ90 በመቶ በላይ የሚሆኑት ከአምስት ዓመት በኋላም በሕይወት አሉ። በሕንድ 66 በመቶ፣ በደቡብ አፍሪካ ደግሞ 40 በመቶ ያህል ነው። በሽታው ያው ነው፤ የሚለያየው የተገኘበት ጊዜና የተሰጠው ሕክምና ነው።

ሕክምናውም ጡት ቆርጦ መጣል ብቻ አይደለም። እብጠቱ ትንሽ ሳለ ከተገኘ እሱን ብቻ አውጥቶ ጡቱን ማቆየት ይቻላል፤ ከዚያ ጨረር ይከተላል። በጣሊያንና በአሜሪካ ሴቶችን ለ20 ዓመት የተከታተሉ ጥናቶች በ2002 ባወጡት ውጤት፣ እንዲህ የታከሙትና ሙሉ ጡታቸው የወጣላቸው ሴቶች በሕይወት የመቆየት ዕድላቸው እኩል ሆኖ ተገኝቷል። ለአንዳንዶች ኬሞ ይሰጣል፤ ፀጉር ይረግፋል፣ ግን ተመልሶ ይበቅላል። ካንሰሩ በሆርሞን የሚመገብ ዓይነት ከሆነ እንደ ታሞክሲፈን ያለ ኪኒን ከ5 እስከ 10 ዓመት ይዋጣል። «ዳንኩ» ብሎ መሃል ላይ ማቋረጥ በሽታውን መጋበዝ ነው። ረመዳን ቢገባ ደግሞ ለታማሚ ፈቃዱ የታወቀ ነው፤ ኬሞ ላይ ያለች እናት ሐኪሟንና ዓሊምን ሳትጠይቅ በራሷ ውሳኔ መድኃኒቷን አትዝለል።

በአገራችን የጨረር ሕክምና ለረጅም ዓመታት የሚገኘው በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ ነበር። በቅርብ ዓመታት ጅማና ሐረርም ተጨምረዋል። ወረፋው አሁንም ረጅም ነው፤ ለዚህም ሲባል ቀድሞ መሄድ ያስፈልጋል። ከክፍለ ሀገር ለሕክምና አዲስ አበባ መጥተው ማረፊያ ላጡ ታካሚዎች ማቲዎስ ወንዱ የኢትዮጵያ ካንሰር ሶሳይቲ ማረፊያ እንደሚሰጥ ማወቁም ይጠቅማል።

ታዲያ ምን እናድርግ?

እህቴ፣ ጡትሽን እወቂው። ጥሩው ጊዜ ደግሞ በእጅሽ ነው፤ ከሐይድ ጠርተሽ የምትታጠቢበት ቀን። በዚያ ሰሞን ጡት ይለሰልሳል፤ እብጠት ካለ ለመለየት ይቀላል። በሳሙና በለሰለሰ እጅ፣ በጣቶችሽ ሆድ፣ ከአንገት አጥንት እስከ ጡት ስር፣ ከደረት መሃል እስከ ብብት ዳስሺ። ከዚያ በመስታወት ቅርጹንና ቆዳውን ተመልከቺ። የወር አበባ የቆመባቸው እናቶች በወሩ አንድ ቀን ይምረጡ።

ግን አንድ ነገር እንጨምር። በቻይና ሻንጋይ ከ266 ሺህ በላይ ሴቶች የተሳተፉበት ጥናት፣ በየወሩ ጡትን መዳሰስ መማር ብቻውን ሞትን እንዳልቀነሰ አሳይቷል። ለምን ታዲያ ዳስሺ አልን? የራስሽን ጤነኛ ጡት ካወቅሽ ለውጥ ሲመጣ ሳትቆዪ ትለዪዋለሽ ብለን ነው። መዳሰሱ የምርመራ ምትክ አይደለም። የሚጠቅመው ለውጡን አግኝቶ በዚያው ሳምንት ወደ ጤና ጣቢያ ሲኬድ ነው። እዚያ ባለሙያ በእጁ ያያል፤ ካስፈለገ ወደ ሆስፒታል ይጽፋል። በሆስፒታል አልትራሳውንድ ወይም ማሞግራፊ፣ ከዚያ ናሙና ይከተላል። ለወጣት ሴቶች ጡታቸው ጥቅጥቅ ስለሆነ ብዙ ጊዜ አልትራሳውንድ ይሻላል። ምንም ምልክት ለሌላት ሴት ማሞግራፊ የሚመከረው እንደየአገሩ መመሪያ ከ40 ወይም ከ50 ዓመት ጀምሮ ነው።

«ቀላል ነው፣ ሂጂ» ተብላችሁ እብጠቱ ካልጠፋ ተመልሳችሁ ሂዱ። «ይህ እብጠት ካንሰር አለመሆኑ በምን ታወቀ?» ብላችሁ በአደብ ጠይቁ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 ባስጀመረው ዕቅድ፣ አንዲት ሴት ለመጀመሪያ ጊዜ ሐኪም ዘንድ ከቀረበችበት ቀን አንስቶ በ60 ቀን ውስጥ ምርመራዋ ተጠናቆ እንዲታወቅ ይመክራል። ይህን ቁጥር ያዙት፤ ቀጠሮ ሲንዛዛ ለመጠየቅ ይረዳችኋል።

ወንድሜ፣ ያንተም ድርሻ አለ። እናትህ በራሷ ጉዳይ ብር ማውጣት ትሳሳለች፤ «ለልጆቼ ይሁን» ትላለች። ትራንስፖርቱን አንተ ቻል፣ ሥራ ፈቅደህ አብረሃት ሂድ፣ ካርድ ለማውጣት አንተ ተሰለፍ፣ ደም ሲያስፈልግ ክንድህን ዘርጋ። የጤና መድን ካላችሁ ምን እንደሚሸፍን ቀድመህ ጠይቅ። ከፊቷ ላይ «ምን ይሉኛል» የሚለውን ማንሳት ከቻልክ ደግሞ ከሁሉም የበለጠ ሠርተሃል።

ይህን ያነበባችሁ ሁሉ ዛሬ ማታ አንድ ነገር አድርጉ። ስልክ ደውላችሁ እናታችሁን፣ አክስታችሁን፣ ታላቅ እህታችሁን ጠይቁ። ነገሩ ያሳፍራል ካላችሁ በእህታችሁ ወይም በሚስታችሁ በኩል አስጠይቁ። ጥያቄው አጭር ነው፦ «ጡትሽ ላይ የተለወጠ ነገር አለ?» ብዙዋ «የለም፣ አልሐምዱሊላህ» ትላለች። ዝም ያለችው ግን ዝም ያለችበት ምክንያት ይኖራታል፤ እሷን ነገ ጠዋት ውሰዷት።

አላህ የታመሙትን ሙሉ ሺፋእ ይስጥልን፤ የሞቱትን በእዝነቱ ይቀበልልን፤ እናቶቻችንንና እህቶቻችንን በዓፊያ ያቆይልን። አሚን።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።